ልጄ ከስልክ አይነሳም፣ ቴኳንዶ ላስመዝግበው? የሕፃናት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የ8 ዓመት ወንድና የ11 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ይወስዳቸዋል፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይመልሳቸዋል። እኔና ባለቤቴ ከሥራ የምንገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ቤት የምትረዳን ልጅ ትጠብቃቸዋለች። ወንዱ ልጄ መክሰሱን በልቶ የቤት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከስልክ አይነሳም። ዘንድሮ ክብደት ጨምሯል፣ ደረጃ ሲወጣም ያለከልካል። ውጪ እንዳልለቀው መኪናው ያስፈራኛል። ላብ ላይ ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይይዘዋል ብዬም እሰጋለሁ። ሰፈራችን ቴኳንዶ የሚያሠለጥኑ አሉ፣ በሳምንት 3 ቀን ነው። ላስመዝግበው? በቀን ምን ያህል ቢንቀሳቀስ ይበቃዋል?»

ምላሽ፦ ውድ እናት፣ ከቴኳንዶው በፊት ስለ ደረጃው ላንሳ። ልጅዎ የሚያለከልከው እንዴት ነው? አራተኛ ፎቅ ደርሶ ትንሽ አረፍ ሲል ትንፋሹ የሚመለስ፣ ከዚያም እንደልቡ የሚጫወት ከሆነ ሰውነቱ እንቅስቃሴ ስላልለመደ ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ ደክሞት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደረቴን አመመኝ የሚል፣ ልቡ በኃይል የሚመታበት፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ሲሮጥ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ወይም ሌሊት ትራስ ከፍ ካላደረገ መተኛት የሚያቅተው ልጅ ሐኪም ሳያየው ምንም ዓይነት ስፖርት መጀመር የለበትም።

ይህን የምለው ላስፈራዎ አይደለም። በአገራችን ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ብዙ ልጆችን ይይዛል። መነሻው የጉሮሮ ሕመም ነው። በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ከሳምንታት በኋላ የልጁ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ ይችላል። ቆይቶም የልብ ቫልቮች ሊጎዱ ይችላሉ። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ሆነ፣ መጫወት ተወ» ብለው ነው የሚያመጡት። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፣ ልቡ ደክሞ ነው። ሐኪም በማዳመጫ ይሰማዋል፣ ከጠረጠረ የልብ አልትራሳውንድ ያዛል። የደም ማነስም እንዲሁ ያደክማል፤ ይህ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል። ከሮጠ በኋላ የሚያስል፣ ሌሊት ሌሊት የሚያስል፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ ደግሞ አስም ይኖርበት እንደሆነ ይታያል። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ እንደማንኛውም ልጅ ይሮጣል። «አስም አለበት» ተብሎ ቤት የሚዘጋበት ልጅ ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ያሳዩት። ምንም ከሌለበት የሚቀጥለውን ያንብቡ።

በቀን ምን ያህል ይበቃል ላሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ መልስ አለው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንቱ ውስጥ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንትን የሚያጠነክር ነገር መኖር አለበት። መዝለል፣ መውጣት፣ መንጠልጠል፣ መሮጥ ማለት ነው። «በአማካይ» የምትለዋን ልብ ይበሉ። ማክሰኞ ፈተና ኖሮበት 20 ደቂቃ ብቻ ቢጫወትና ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ቢሮጥ ተካክሷል። ሰዓቱም በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ጠዋት 10፣ እረፍት ላይ 15፣ ከሰዓት 35 ደቂቃ ተደምሮ ይሆናል።

መካከለኛ ማለት ምን ማለት ነው? መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሲጫወት ያናግሩት። እያወራ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ የሚወስድ ከሆነ ጠንከር ያለ ነው። እያዘገሙ ሱቅ መሄድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ብቻውን ይህን ሰዓት አይሞላም።

ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ አንባቢዎችም አላችሁና በአጭሩ፦ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል። ከዚያ ውስጥ 60ው ሞቅ ያለ መሆን አለበት። ስክሪን ከ1 ሰዓት አይበልጥም፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ይህ ብዙ ይመስላል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ግን ካልከለከሉት በስተቀር ራሱ ይሞላዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ልጅ ቀን እንመለስ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለውን ይቁጠሩት። ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የተከራዩት ለመኖሪያ የተሠራ ግቢ ነው፣ እረፍት ላይ ለመሮጥ ቦታው አይበቃም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለ፣ ግን በየቀኑ አይደለም። በዚያ ላይ በአንዲት ኳስ አርባ ልጅ ተራ ይጠብቃል። ቤት ሲመጣ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ስልክ። ልጅዎ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የማይንቀሳቀሰው። ቀኑ ሲደራጅ መንቀሳቀሻ ሰዓት አልተተወለትም።

በዚህ ብቻዎን አይደሉም። በብዙ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው የሚያስፈልጋቸውን ያህል እንደማይንቀሳቀሱ አሳይቷል። ይህ የሀብታም አገር ችግር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በዓይናችን የምናየው ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ደብተር ይዞ ከመሮጡ የተነሳ ካደገም በኋላ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። ያን ጊዜ ማንም ስፖርት አላስመዘገበውም። ሩጫው የቀኑ አካል ነበር። ልጆቻችን እንደዚያ ይድከሙ ማለቴ አይደለም፤ በእግር ረጅም መንገድ ሄደው ተርበው የሚማሩ ልጆች ዛሬም አሉ፣ አልመኝላቸውም። ግን እንቅስቃሴ ለልጅ የሚሰምርለት ከቀኑ ጋር ሲቀላቀል ነው። ተከፍሎበት፣ ልብስ ተገዝቶለት፣ በሳምንት 3 ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ የቀሩት 4 ቀናት ባዶ ይቀራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለችውን ጊዜ ማዳን ነው። ልጅዎ ከሰርቪስ ሲወርድ ወደ ላይ አይውጣ። ወደ ቤት ከገባ፣ ጫማውን ካወለቀ፣ ሶፋው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማስወጣት ለእርስዎም ለምትጠብቀው ልጅም ትግል ነው። መክሰሱ ወደ ታች ይውረድለት። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ውሃ በቂ ነው። ቦርሳው ይወሰድለት። እሱ ግቢ ውስጥ ይቅር።

«መኪናው ያስፈራኛል» ብለዋል። ልክ ነዎት፣ እኔም ያስፈራኛል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መኪና የገጫቸው ልጆች አይቻለሁና ፍርሃትዎን አላቃልለውም። መፍትሔው ግን ልጁን መቆለፍ ሳይሆን መኪናውን ለአንድ ሰዓት ተኩል ማራቅ ነው። ብሎካችሁ ውስጥ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያሏቸው ስንት ቤተሰቦች ናቸው? አምስት ካገኙ ተሳክቷል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ቀን ተራ ይይዛል። ተረኛው ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ሌላ ሥራ የለበትም። ጡረታ የወጡ አባት ወይም እናት ግቢው ውስጥ ካሉ ደግሞ በደስታ ይይዙላችኋል። የጋራ ሕንፃው ኮሚቴ ዘንድ ሄዳችሁ ከፓርኪንጉ አንዱን ጫፍ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት መኪና እንዳይገባበት ጠይቁ። በገመድና በሁለት ወንበር ይዘጋል። ከተማው ራሱ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብሎ ትላልቅ ጎዳናዎችን በእሁድ ለእግረኛ ሲዘጋ ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ነበር። ሆኗል፤ አስፋልት ላይ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ አይተናል። የአንድ ብሎክ ፓርኪንግ ከዚያ አይከብድም።

ቤት የምትረዳችሁን ልጅ በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁሉ በእሷ ላይ አይጫኑት። እራት እያበሰለች፣ ልብስ እያጠበች፣ ልጅ ደግሞ ታች ትጠብቅ ማለት አይቻልም። የእርስዎ ተራ በሚሆንበት ቀን እሷ የምትወርድ ከሆነ የዚያን ቀን የቤቱ ሥራ ይቀነስላት።

ልጆቹ ወርደው ምን ይሠራሉ? ይህ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች ያጋጥሙኛል። መጀመሪያ ሳምንት ቆመው ሊተያዩ ይችላሉ። ስልክ የለመደ ልጅ ጨዋታ ራሱ መጀመር ይከብደዋል። ያን ጊዜ ተረኛው አንድ ጨዋታ ያስጀምራቸው። አባሮሽ ምንም አይፈልግም። የካልሲ ኳስ በአሮጌ ካልሲ ይሠራል፣ መስኮት አይሰብርም፣ በሱ ፔፕሲ መጫወት ይቻላል። ሰኞ ማክሰኞ ጠመኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሱዚ ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ላስቲክና ሦስት ልጅ።

ሱዚና ሰኞ ማክሰኞን እንደ ቀልድ አይዩአቸው። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲሰማው ነው። አንድ ልጅ ዘሎ መሬት ሲያርፍ አጥንቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከራሱ ክብደት በብዙ ይበልጣል። አጥንቱም ለዚያ ራሱን ያዘጋጃል። በተለያየ አቅጣጫ፣ አጠር አጠር እያለ፣ መሃል ላይ እረፍት እየኖረው መዝለል ለሚያድግ አጥንት በጣም ጥሩ ነው። ሱዚ ቁርጭምጭሚት ላይ ተጀምሮ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ላይ ሲደርስ ልጁ ሳያውቀው እየከበደው ይሄዳል። አሠልጣኝ ደረጃ በደረጃ ቢያወጣው ከዚህ የተሻለ አያወጣውም። ኳስም እንዲሁ ነው። ኳስ የሚጫወት ልጅ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይሮጣል። «ለ20 ደቂቃ ሩጥ» ብትሉት ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሰለቸዋል። ልጅ የሚሮጠው የሚያሯሩጠው ሰው ሲኖር ነው። ጓደኛ ማግኘት ከቦታና ከመሣሪያ በፊት የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ስለ ብርዱና ስለ ምቹ። ላብ ያለበት ልጅ ነፋስ ሲነካው ይበርደዋል እንጂ ጉንፋን አይይዘውም። ጉንፋን ቫይረስ ነው። ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፣ ያውም የበለጠ በተዘጋ ክፍልና መስኮቱ በማይከፈት ሰርቪስ ውስጥ። ሲገባ እርጥብ ካናቴራውን ይቀይሩለት፣ ውሃ ያጠጡት፣ በቃ። ምች የምንለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሆኖ የሚወጣው ነው። መነሻው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጥና ትኩሳት፣ ድካም ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝ ይነሳል። እናቶቻችን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ፀሐይ ለስላሳ ነው፣ ያን የሚያስነሳ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ኮፍያ ያድርግ።

እንደውም የከተማ ልጆቻችን ችግር የፀሐይ ማነስ ነው። በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ቫይታሚን ዲ ያነሰባቸው ልጆች በከተማው ውስጥ 62 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በገጠሩ 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ያው አንድ ፀሐይ፣ ያው አንድ አካባቢ። የ13 ወር ፀሐይ አገር ብለን ነው የምንጠራው፤ ልጆቻችን ግን ክፍል፣ መኪናና ፎቅ ውስጥ ሆነው ፀሐዩን አያገኙትም። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ ካልሲየም በወጉ ወደ አጥንት አይገባም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አመሻሽ ላይ ያለው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙም አይረዳም። ለዚያ የሚጠቅመው የትምህርት ቤት እረፍትና የቅዳሜ ረፋድ ነው።

የዓይንም ነገር አለ። በቻይና ጓንጁ ከተማ የአንደኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጪ እንዲውሉ ተደረገ። ከ3 ዓመት በኋላ ሩቅ ማየት ያቃታቸው ልጆች ውጪ ከዋሉት 30 በመቶ ገደማ፣ ካልዋሉት 40 በመቶ ገደማ ሆኑ። እዚህ የሠራው ሩጫው ሳይሆን የቀን ብርሃን ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህ ደግሞ ደመናማ ቀንም ይበቃል። መነጽር የሚያደርጉ ትንንሽ ልጆች በዙ እያልን የምንገረም ወላጆች ይህን ብናውቅ ጥሩ ነው።

የቤት ሥራውስ? እኔ ከጨዋታ በኋላ ይሁን እላለሁ። አክስቶችና አጎቶች «መጀመሪያ ያጥና» ይሏችኋል፤ አስጠኚውም 11 ሰዓት ላይ ይመጣ ይሆናል። ልጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ነው የዋለው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችን ለ20 ደቂቃ ፈጠን ባለ እርምጃ አስኬደው ፈተና ሰጧቸው። ቁጭ ብለው ከጠበቁበት ቀን ይልቅ ትኩረት የሚጠይቀውን ጥያቄ በትክክል መለሱ። ተጫውቶ የመጣ ልጅ 40 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን፣ ያልተጫወተ ልጅ እየተቁነጠነጠ ሁለት ሰዓት ሲፈጅበት ክሊኒክ ከሚመጡት ወላጆች በየጊዜው እሰማለሁ። አስጠኚው ከ12 ሰዓት በኋላ እንዲመጣ ይጠይቁት።

ስለ ስልኩ ጦርነት አይክፈቱ። ሙሉ በሙሉ መከልከል አንድ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ተደብቆ ማየት ይመጣል። ሰዓትና ቦታ ይስጡት። ከእራት በኋላ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ። መኝታ ክፍል አይገባም። እርስዎና ባለቤትዎም በዚያ ሰዓት የራሳችሁን ስልክ ብታስቀምጡ ይበረታል። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አያድርጉ፦ «ከተጫወትክ ስልክ እሰጥሃለሁ» አይበሉት። እንዲህ ስንል ጨዋታውን እንደ ኮሶ፣ ስልኩን እንደ ማር አድርገን ነው የምናቀርብለት። ኮሶ ደግሞ ማንም ወዶ አይጠጣም።

በተቃራኒው እንቅስቃሴን ለቅጣት መጠቀምም ያው ጥፋት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ ግቢውን ሦስት ዙር ይሮጣል፣ ያወራ ልጅ ፑሽ አፕ ይሠራል። ልጁ የሚማረው መሮጥ ውርደት እንደሆነ ነው። የልጅዎ ትምህርት ቤት ይህን የሚያደርግ ከሆነ በጨዋነት ግን በግልጽ ይንገሯቸው።

ትምህርት ቤቱን ካነሳን አይቀር፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ከክፍያና ከፈተና ሌላ ይህንንም ያንሱት። ስኮትላንድ ውስጥ በስተርሊንግ ከተማ የሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ቀላል ነገር ጀመረ። ልጆቹ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ከክፍል ይወጣሉ፣ በለበሱት ልብስና ጫማ እንደ አቅማቸው ይሮጣሉ ወይም ይራመዳሉ፣ ይመለሳሉ። ውድድር የለም፣ ልብስ መቀየር የለም፣ መሣሪያ የለም። አሁን በብዙ አገሮች ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ይህን ይሠራሉ። ግቢው ጠባብ ለሆነ ትምህርት ቤትም ይሆናል፤ ክፍሎቹ በተራ ይወጣሉ። 15 ደቂቃ ከሚያስፈልገው ሰዓት ሩቡ ማለት ነው። ያውም ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት።

ክረምት ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ትምህርት ይዘጋል፣ ዝናቡ ያግዳል፣ ስልኩ ሙሉ ቀን ይሆናል። አያቶች ገጠር ያሉት ሁለት ሳምንትም ቢሆን ይላክ። የሌለው ዝናቡ ሲያባራ ጫማ ለብሶ ይውጣ፣ ጭቃ ይታጠባል። ቤት ውስጥ ከሆነ ሙዚቃ ተከፍቶ መጨፈር፣ ደረጃውን በእሽቅድምድም መውጣትና መውረድ፣ ምንጣፍ ላይ መታገል ሁሉም ይቆጠራል። በዚያውም ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬ ይጨፍር፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ዱላ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ ሲዘል የሚያመሽ ልጅ ስፖርት ሠርቷል።

ስለ ክብደቱ ብዙ አልልም። በቤት ውስጥ «ወፍራሙ» ተብሎ አይጠራ፤ በፍቅር ቢባልም ልጁ ይሰማዋል። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አያውጡት። እያደገ ያለ ልጅ ክብደት መቀነስ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ሲጨምር ይስተካከላል። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጁስ ከቤት ይውጣ፣ ለሁሉም ሰው፣ ለእሱ ብቻ ሳይሆን። ሲጫወት የሚጠጣው ውሃ ይሁን።

ቴኳንዶውን ጠይቀዋል። አዎ፣ አቅምዎ ከፈቀደና እሱ ከወደደ ያስመዝግቡት። ጥሩ ስፖርት ነው፣ ጡንቻና ሚዛን ያዳብራል፣ ከ3ቱ ቀን የአጥንትና የጡንቻ እንቅስቃሴ ይቆጠርለታል። ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ከአንዱ ሰዓት ውስጥ ልጆቹ በእርግጥ የሚንቀሳቀሱት ምን ያህል ነው? ብዙ ጊዜ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ከሆነ ገንዘብዎ ለመቆም ነው የሚከፈለው። አሠልጣኙ ከክብደቱ የተነሳ የማይችለውን ልጅ በሌሎች ፊት ያሸማቅቃል ወይስ በአቅሙ ያሠራዋል? በዚህ ዕድሜ ሌላ ምንም ነገር ከዚህ አይበልጥም። አንዴ የተሸማቀቀ ልጅ ለዓመታት ስፖርት ይሸሻል። የቀሩትን 4 ቀናት ደግሞ ታች ያለው ፓርኪንግ ይሸፍናቸዋል።

አሁን ልጠይቅዎ። ደብዳቤዎ ውስጥ የ11 ዓመት ሴት ልጅ እንዳለችዎ ነግረውኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ እሷ ምንም አላሉኝም። ምናልባት ክብደት ስላልጨመረች፣ ረጋ ያለች ስለሆነች ይሆናል። እኔን ግን ከወንድሟ ያላነሰ እሷ ታሳስበኛለች። ከላይ የጠቀስኩት የ2016 መረጃ ሲከፋፈል በቂ የማይንቀሳቀሱት ወንዶች 78 በመቶ፣ ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። በ10 እና በ11 ዓመት አካባቢ ሴት ልጆች ከጨዋታ ሲወጡ አያለሁ። ሰውነታቸው መለወጥ ሲጀምር ያፍራሉ። «አሁን ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ ሱዚ ምንድነው» ይባላሉ። ወንድሟ ታች ኳስ ሲጫወት እሷ ዕቃ ታጥባለች።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በማይሆነው ጊዜ ነው። ሴት ልጅ አጥንት በፍጥነት የምታከማችበት ጊዜ 12 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። በዚያ ዙሪያ ባሉት 2 ዓመታት ብቻ ካደገች በኋላ ከሚኖራት የአጥንት ማዕድን ሩቡን ያህል ታጠራቅማለች። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያንን ያህል የሚከማችበት ሌላ ዕድሜ የለም። በኋላ ስታረግዝ፣ ስታጠባ፣ ዕድሜዋ ሲገፋ የምትኖረው በዚያ ክምችት ነው። ልጅዎ አሁን በሩ ላይ ናት።

ስለዚህ የዕቃውን ሥራ ለሁለቱም እኩል ያካፍሏቸው፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ይሁን። እንደ ልቧ የምትዘልበት ሱሪና የሚደግፍ የውስጥ ልብስ ይግዙላት። የወር አበባ ስትጀምር መጫወት እንደማይከለክላት ከወዲሁ ይንገሯት፤ እንደውም አንዳንዶቹ ሕመሙ ቀለል ይልላቸዋል። ብቻዋን አትወርድም፣ ስለዚህ ከግቢው ሴት ልጆች ሁለት ሦስቱን ከእናቶቻቸው ጋር ተነጋግረው አብረው እንዲወርዱ ያድርጉ። ቴኳንዶ ቤቱን ለማየት ሲሄዱ እሷንም ይዘው ይሂዱ፣ ምን እንደምትፈልግም ይጠይቋት። ቮሊቦል ወይም የባህል ጭፈራ ልትመርጥ ትችላለች። እስክስታም ከ60ው ደቂቃ ይቆጠራል።